ገበያ-መር አስተዳደርና የዘላቂነት ትምህርት፦ ጥያቄና መልስ ከጣና ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ገበያ-መር አስተዳደርና ስለ ዘላቂነት ትምህርት፣ ማለትም የተፈጥሮ ሀብትን ለመጪው ትውልድ ጠብቆ ስለ መጠቀም ትምህርት፣ ሰሞኑን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። «ገበያ-መር አስተዳደር» ሲባል ዩኒቨርሲቲው ነጋዴ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ እንደዚያ እንኳ አይደለም። ትርፍ ባያከፋፍልም፣ የትምህርት ክፍሎቹን በተማሪ ብዛትና ባስገቡት ገቢ እየመዘነ በጀት የሚደለድል ከሆነ አሠራሩ የገበያ ነው። እንግሊዝ በ1998 እ.ኤ.አ. 1,000 ፓውንድ የነበረውን የዓመት ክፍያ ጣሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 9,000 አድርሳዋለች። በእኛም አገር የወጪ መጋራት፣ ማለትም ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን የሚከፍልበት አሠራር፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ፣ ማለትም አስተዳደሩንና ገንዘቡን በራሱ የሚመራ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የዘላቂነትን ትምህርት በምን ይጎዳዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚቀረው የመስክ ትምህርት ነው። ቀድሞ ባስተማርሁበት አንድ ተቋም የጀልባ ኪራይና ነዳጅ ብንጠይቅ፣ ትምህርቱ ስንት ከፋይ ተማሪ እንደሚያመጣ በጽሑፍ እንድናስረዳ ተጠየቅን። የዘላቂነት ስም ግን ከተቋሙ በራሪ ወረቀት አልጠፋም።

እምቦጭን እንውሰድ። ይህ የውኃ አረም በጣና ላይ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። ተማሪው ሐምራዊ አበባውን በስላይድ ያያል፤ ነገር ግን ውኃ ውስጥ ገብቶ ካልጎተተው፣ ተንጠልጥሎ የሚወጣው የጠቆረ ሥር ምን ያህል ውኃ ተሸክሞ እንደሚከብድ፣ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያም አረሙን እንዴት እንደሚያፋፋው አይገባውም። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ዘንድሮ የጸዳው ዳርቻ ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላም መታየት አለበት። የአስተዳደሩ መለኪያ ግን ሰኔ 30 ከበጀት ዓመቱ ጋር ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ገቢ የሚያመጣ ፕሮጀክት ባይኖር ምርምሩስ ከየት ይመጣ ነበር?

መልስ፦ እውነትዎን ነው፤ እኔም በፕሮጀክት ገንዘብ ሠርቻለሁ። ሆኖም የምርምሩን ጥያቄ የሚመርጠው ከፋዩ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪው የሚፈልገው ሥራ አይደለምን?

መልስ፦ ነው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ስለዚህም የዘላቂነት ትምህርት በአንድ የትምህርት ክፍል ታጥሮ እንዲቀር አልፈልግም። ነገ ከሐይቁ ዳር ሕንፃ የሚያቆመው የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለል አጥልሎ እንደሚያስቀር፣ መሠረት ለመቆፈር ከመነቀሉ በፊት ማወቅ ይኖርበታል።