የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከቺካጎ እስከ ሚልዋኪ ምን ይበላል? እንዴት ይታዘዛል?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በነሐሴ መኪና ይዘው ወደ አሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ከተሞች ሊወጡ ካሰቡ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገናል። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍነው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ቺካጎ በአውሮፕላን ገብተን መኪና እንከራያለን። ከሁለት ልጆቻችን ጋር አራት ነን፤ ያለን አንድ ሳምንት ነው። በየከተማው የታወቀው ምግብ እንዳያመልጠን በየት በኩል እንዙር? (አንባቢ፣ ከዴንቨር)

ከካርታው በፊት የሳምንቱን ቀን እዩ። ርቀት ብቻ አስልቶ የወጣ ሰው ገበያው በሚዘጋበት ሰኞ ሲንሲናቲ ይደርሳል፣ ዓሣ በሚጠበስበት ዓርብ ደግሞ ዲትሮይት ተቀምጦ ይገኛል። የምንመክራችሁ እሑድ ቺካጎ ገብታችሁ ዓርብ ማታ ሚልዋኪ የሚያደርሳችሁን ዙር ነው።

ሰኞ በ65 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ኢንዲያናፖሊስ ውረዱ። 180 ማይል ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ነገር ግን የኢንዲያናፖሊስ ሰዓት ከቺካጎ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ከቺካጎ በጠዋቱ 9 ብትነሱ እዚያ ስትደርሱ 1 ሰዓት ሆኗል። ልጆች ካሉ መክሰስ ያዙ። የአገሩ መለያ ከዳቦው ጠርዝ አልፎ የሚንጠለጠል የአሳማ ጥብስ ሳንድዊች ነው። አሳማ ለማይበላ ሰው ከ1905 ጀምሮ ያለው ሻፒሮስ የተባለ ምግብ ቤት አለ፤ ትሪ ይዞ መሰለፍ ነው፣ የሚታዘዘውም በጨው የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ፣ ኮርንድ ቢፍ፣ በራይ ዳቦ። አንዱ ሳንድዊች ለሁለት ልጆች ይበቃል።

በ74 ቁጥር መንገድ 110 ማይል ከነዳችሁ በኋላ እራት ሲንሲናቲ ላይ ነው። የከተማው ቺሊ ሌላ ቦታ ከምታውቁት የተለየ ነው፤ ቀረፋና መሰል ቅመሞች የገቡበት፣ ቀጠን ያለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ወጥ ሆኖ ስፓጌቲ ላይ ይፈሳል። በርበሬ የለመደ አፍ ያቃጥለኛል ብሎ እንዳይጠብቅ። «ትሪ ዌይ» ካላችሁ ስፓጌቲ፣ ቺሊና የተፈቀፈቀ ቼዳር ክምር ይመጣል፤ «ፎር ዌይ» ሽንኩርት ወይም ባቄላ ይጨምራል፤ «ፋይቭ ዌይ» ሁለቱንም። በሹካ አይጠቀለልም፤ በሹካው ጎን እየተቆረጠ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ይነሳል። ከጠቀለላችሁት አይቡ ከላይ ይቀርና ስፓጌቲው ባዶውን ይመጣል። ስካይላይን ከ1949 ጀምሮ በብዙ ቅርንጫፍ ይሠራል፤ ካምፕ ዋሽንግተን ቺሊ ደግሞ አሮጌውን ድባብ ለሚወድ ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት ፊንድሌይ ማርኬት ይከፈታል። ከ1855 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፤ የሚዘጋው ሰኞ ነው። ቁርስ ላይ «ጌታ» የሚባል ጥብስ ቢያቀርቡላችሁ አሳማ የገባበት መሆኑን እወቁ። ከዚያ በ71 ቁጥር መንገድ ኮሎምበስ 107 ማይል ብቻ ነው። እዚያ ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለሚኖር የረቡዕን ምሳ በያይነቱ አድርጉት። አንዳንድ የሀበሻ ምግብ ቤት በሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ቀን ስለሚዘጋ ቀድሞ መደወል ይበጃል፤ በዚያው እንጀራው ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል።

ረቡዕ ከሰዓት ወደ ዲትሮይት 200 ማይል አለ። ማደሪያችሁን ከዲትሮይት ጎን ባለችው ዲርቦርን አድርጉ፤ ምክንያቱን ከታች ለጾመኛዋ ጽፈነዋል። ሐሙስ የዲትሮይት ፒዛ ብሉ። አራት ማዕዘን፣ ወፍራም ሊጥ፣ አይቡ እስከ መጥበሻው ጠርዝ ተዘርግቶ ቡናማ እስኪሆን የከረረ፣ ድልሁ ከላይ። የሚፈለገው ያ የከረረ ማዕዘን ነው። ከ1946 ጀምሮ ያለው «በደይስ» ፒዛ ቤት ትንሹን በአራት፣ ትልቁን በስምንት ቁራጭ ያቀርባል፤ የትንሹ አራቱም ማዕዘን ነው፣ የትልቁ ግን ግማሹ ብቻ። ስለዚህ ለአራት ሰው አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ እዘዙ። ልጆቹ ቨርነርስ ይቅመሱ፤ ከ1866 ጀምሮ እንዳለ የሚነገርለት የዝንጅብል ለስላሳ ነው፣ ጋዙ አፍንጫ ይነካል። ቫኒላ አይስክሬም ሲገባበት «ቦስተን ኩለር» ይባላል።

ዓርብ በጠዋቱ 8 ሰዓት ከዲትሮይት ውጡ። ቺካጎን አልፎ እስከ ሚልዋኪ 370 ማይል ገደማ ነው፤ የከሰራችሁት አንድ ሰዓት ስለሚመለስላችሁ ከ5 ሰዓት በፊት መግባት ይቻላል። ዓርብ ማታ የዊስኮንሲን ከተማ ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ብዙው ቤት ቦታ አስቀድሞ አይዝም፤ ከ5:30 በኋላ ወረፋው ይረዝማል። ኮድ ርካሹና የተለመደው ነው፤ ፐርች ካለ ግን እሱን ምረጡ፣ ሥጋው ቀጭንና ጣፋጭ ነው። ከጎኑ የድንች ፓንኬክ ወይም ጥብስ ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ራይ ዳቦ ይመጣል። ቅዳሜ ሚልዋኪ ላይ ካስተርድ፣ እንቁላል የገባበትን አይስክሬም መሰል፣ ቀምሳችሁ 90 ማይል ነድታችሁ ቺካጎ ትገባላችሁ።

ይህ ዙር አንድ ነገር ያስቀርባችኋል፤ የዲትሮይቱ ኢስተርን ማርኬት ዋና ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። ልጆች ላሉት ዓሣውን እናስቀድማለን።

ጉዞአችን ፍልሰታ ውስጥ ይገባል፤ እኔ እጾማለሁ፣ ባለቤቴና ልጆቹ አይጾሙም። አሳማ ግን ማናችንም አንነካም። በእነዚህ ከተሞች ምን በልቼ ልሰንብት? (እኅት፣ ከአትላንታ)

ለእርስዎ ከሁሉም የተሻለችው ዲርቦርን ናት። ዎረን አቬኑና ሚሺጋን አቬኑ ላይ የሊባኖስና የሌሎች ዐረብ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ፉል፣ ሁሙስ፣ ፋቱሽ ሰላጣ፣ እንዲሁም ምስርና ሩዝ በተጠበሰ ሽንኩርት የሚሠራው ሙጀደራ በተለመደው አሠራራቸው የጾም ናቸው። ሁለት ነገር ግን ይጠይቁ፦ የምስር ሾርባው በዶሮ መረቅ ተሠርቶ እንደሆነ፣ ሩዙም ቅቤ እንደገባበት። ባቅላባ ቅቤ አለው። ለቤተሰብዎ ሥጋው ሐላል በመሆኑ የአሳማ ጭንቀት የለም።

የሚልዋኪው ዓሣ ላይ ይጠንቀቁ። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ እሱን ለእርስዎና ለንስሐ አባትዎ እንተወው። ይሁንና ዓሣ ቢበሉም ጥብሱ የጾም አይደለም፤ ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወተት ወይም እንቁላል፣ አንዳንዴም ቢራ ይገባል፤ የድንቹ ፓንኬክ እንቁላል አለው፤ ጥቅል ጎመኑ በማዮኔዝ ነው። «ቤክድ» ወይም «ብሮይልድ» ኮድ ያለ ቅቤ፣ በዘይትና በሎሚ ይበሉ። ቢራ ለማይነኩ ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ይኸው ይሠራል።

ሲንሲናቲ ላይ ስካይላይን ጥቁር ባቄላና ሩዝ ያቀርባል፤ ስፓጌቲ ላይ በሽንኩርት፣ «ኖ ቺዝ» ብለው ያዙ። ዝም ካሉ አይቡ ይከመርበታል። ቺካጎ ውስጥ ኤጅዋተርና አፕታውን ሰፈር፣ በብሮድዌይ መንገድ ላይ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ አይቸገሩም።

አሳማው የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ደግሞ እንንገርዎ። ቺካጎ «ኢታሊያን ሶሴጅ» ማለት አሳማ ነው፤ የፒዛ ፔፐሮኒም እንዲሁ በአብዛኛው። የዲትሮይትና የሲንሲናቲ «ኮኒ»፣ ማለትም ቺሊ የፈሰሰበት ሆት ዶግ፣ ቋሊማው የበሬና የአሳማ ቅይጥ ሊሆን ስለሚችል ይጠየቅ። የተቀቀለ ባቄላ በየባርቤኪው ቤቱ ሥጋ ይገባበታል። የፓይ ቂጣ በአሳማ ስብ የሚጋገርበት ቤት አለ። ድንች በከብት ሞራ የሚጠብሱም አሉ፤ ለቤተሰቡ ባይከፋም ለእርስዎ አይሆንም። «ቬጀቴሪያን ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አስተናጋጁ አይብና እንቁላል ያለበትን አዎ ይላል። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለውም?» ብለው አንድ በአንድ ይቁጠሩለት።

ቺካጎ ውስጥ ወረፋው ሲደርሰኝ ምን እንደምል ግራ ይገባኛል፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ይቸኩላል። (አንባቢ፣ ከዳላስ)

ወረፋው ፈጣን የሆነው ሁሉም ቃሉን ስለሚያውቅ ነው። ኢታሊያን ቢፍ ማለት በሥሡ ተቆርጦ በመረቁ የራሰ የበሬ ሥጋ በረዥም ዳቦ ውስጥ ነው። የሚመልሱት ሁለት ጥያቄ ነው። መረቁ ስንት ይሁን? «ድራይ» ትንሽ፣ «ዌት» በደንብ፣ «ዲፕድ» ደግሞ ዳቦው ጭምር መረቅ ውስጥ ይነከራል። ቃሪያው? «ሆት» ካሉ በዘይትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ የሚያቃጥል አትክልት፣ «ስዊት» ካሉ የተጠበሰ ጣፋጭ ቃሪያ። «ቢፍ፣ ዌት፣ ሆት» ብለው ገንዘቡን ይዘው ይቁሙ። «ኮምቦ» አይበሉ፤ የአሳማ ቋሊማ ይጨመርበታል። የተነከረውን ቆሞ፣ ክርን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ወደፊት አጎንብሶ ነው የሚበሉት። መኪና ውስጥ ሊበሉት ካሰቡ «ድራይ» አድርገው መረቁን በዕቃ ለብቻው ይውሰዱ፤ አለበለዚያ ዳቦው ሁለት የትራፊክ መብራት ሳታልፉ ይፈርሳል።

ሆት ዶጉ ሰናፍጭ፣ አረንጓዴ ሬሊሽ (የደቀቀ ኮምጣጣ ኪያር)፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጣ ኪያር፣ ትንንሽ ቃሪያና የሴለሪ ጨው በፖፒ ፍሬ ዳቦ ላይ ነው። ካቻፕ አይገባበትም። ለልጅ ከጠየቁ ግን የሚቆጣ የለም፤ ወሬው ከእውነቱ ይበልጣል። «ኦል ቢፍ» መሆኑን ያረጋግጡ። «ፖሊሽ» የሚባለው ወፍራሙ ቋሊማ ግን ሌላ ነው፤ አሳማ ሊኖረው ይችላል።

ጥልቁ ፒዛ፣ ከ1943 ጀምሮ በፒዜሪያ ኡኖ የሚታወቀው፣ ምድጃ ውስጥ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። ርቧችሁ ገብታችሁ ካዘዛችሁ ልጆቹ በዳቦና በሰላጣ ይጠግባሉ። ከሆቴል ሳትወጡ በስልክ እዘዙ፤ ብዙ ቤት ይቀበላል። ቋሊማውን በስፒናች አስቀይሩ። የከተማው ሰው ግን በአዘቦት ቀን የሚበላው ይህን አይደለም፤ ስሡንና የሚንኮሻኮሸውን፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን የሚቆረጠውን ነው። አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ ስሡን እንመርጥላችኋለን።

መጠጡስ? ለሁለታችንም አዋቂዎች ነው የምንጠይቀው። (ባልና ሚስት፣ ከላስ ቬጋስ)

አንዳችሁ ከነዳችሁ ያኛው ይጠጣ፤ የደም አልኮል ወሰኑ 0.08 በመቶ ነው፣ የተከፈተ ጠርሙስም መኪና ውስጥ ክልክል ነው። የታሸገውን ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አስገቡ። ዊስኮንሲን ውስጥ «ብራንዲ ኦልድ ፋሽንድ» ስታዙ «ስዊት»፣ «ሳወር» ወይስ «ፕሬስ» ይሏችኋል፤ ስዊት በሎሚ ለስላሳ ተሞልቶ የሚጣፍጥ ነው፣ ሳወር ኮምጣጣ፣ ፕሬስ ግማሹ ሶዳ ስለሆነ ቀለል ይላል። ከዓሣው ጋር ፕሬስ ይሻላል። ለነጂው ስፕሬቸር ሩት ቢር አለ፤ አልኮል የለውም። ቺካጎ ላይ ማለርት ቢቀርብላችሁ ከአሪቲ ወገን በሆነ ተክል የተሠራ መራራ አረቄ ነው፤ አንድ መለኪያ ለሁለት ይበቃል።

ቡናው ቺካጎ ውስጥ አያሳፍርም። ይርጋጨፌና ጉጂ በስማቸው ይሸጣሉ፤ ከረጢቱ ላይ የተቆላበትን ቀን እዩ፣ «ፖር ኦቨር»፣ ማለትም በማጥለያ ላይ ውሃ በእጅ እየፈሰሰ የሚሠራውን፣ እዘዙ። አውራ ጎዳና ላይ ግን ማሞቂያ ላይ የቆየ ማንቆርቆሪያ ከመጠጣት አዲስ እንዲያፈሉ መጠየቅ ነው፤ እምቢ የሚል እምብዛም የለም።

አይብና ካስተርድ ቤት ድረስ ይዘን መመለስ እንችላለን? (አንባቢ፣ ከኢንዲያናፖሊስ)

ካስተርዱን እዚያው ጨርሱት። እንቁላል አስኳል ያለበት፣ አየሩ ያነሰ፣ ከአይስክሬም ለስለስ ብሎ የሚቀርብ ነው፤ ቀልጦ ተመልሶ ሲረጋ በረዶ ይሠራል። ሊዮንስ ከ1942፣ ኮፕስ ከ1950 ጀምሮ ይሠሩታል፤ ኮፕስ የየቀኑን ጣዕም አስቀድሞ ስለሚያወጣ አይታችሁ ሂዱ። «ቺዝ ከርድ» የሚባለው ጥሬ የአይብ ቁርጥራጭ ግን ይጓዛል። ትኩስ ሲሆን ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ማቀዝቀዣ ከገባ አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድምፁ ይጠፋል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ይመለሳል። በበረዶ ሣጥን ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ያዙት። ሣጥኑን ፀሐይ ከሚመታው መቀመጫ ሥር አታስቀምጡ፤ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ያለ በረዶ አንድ ሰዓት ካለፈው ጣሉት። ከኮሎምበስ እንጀራ ከገዛችሁ ከበረዶው ጋር አታድርጉ፣ ይደርቃል፤ ትኩሱንም ወዲያው በላስቲክ አትዝጉ፣ ላብ ያወጣና በማግስቱ ይሻግታል።

ሚኒያፖሊስን ብንጨምርስ? (አንባቢ፣ ከቺካጎ)

410 ማይል ስለሆነ ለብቻው ሦስት ቀን ስጡት። አይቡ ሥጋው ውስጥ የተቀበረውን «ጁሲ ሉሲ» በርገር ማትስ ባር ወይም ፋይቭ ኤይት ክለብ ብሉ፤ ከመጣ በኋላ ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቁ፣ የቀለጠው አይብ ምላስ ይልጣል። ለሐላል ሌክ ስትሪት አጠገብ ያለው የሶማሌዎቹ ካርሜል ሞል ሳምቡሳና የቅመም ሻይ አለው። ሴንት ፖል ህሞንግታውን ማርኬትፕሌስ፣ የእስያዎቹ የህሞንግ ሕዝብ ገበያ፣ ስትገቡ ደግሞ ብዙዎቹ የምግብ መደብሮች አሳማ ስለሚሠሩ ሩዙና ፓፓያ ሰላጣው በምን እንደተቀመመ ሳትጠይቁ አታዙ፤ ሰላጣው ውስጥ የዓሣ ድልህ የተለመደ ነው።