«ንድፍ ትቼ ሪፖርት ሰብሳቢ ልሁን?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህ ነው። በአርክቴክቸር ከተመረቅሽ አራት ዓመት ሆኖሻል፤ ባሕር ዳር ባለ አንድ አማካሪ ድርጅት ንድፍ ክፍል ትሠሪያለሽ። አሁን በጣና ዙሪያ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች የሚያስገነባ አንድ ፕሮግራም በማስተባበሪያ ቢሮው ሊቀጥርሽ ፈልጓል። ደመወዙ የአሁኑን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቅጥሩ ግን የኮንትራት ነው። አባትሽ «ዛሬውኑ ፈርሚ» ይሉሻል። አጎትሽ አዲሱን የዓባይ ድልድይ እያሳዩ «ባለሙያ ማለት ይህን የሠራ ነው እንጂ ሪፖርት የሚሰበስብ ነው እንዴ?» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ «ከገባሁ አርክቴክትነቴ ያበቃለታል» ብለሽ ፈርተሻል።

ከአንቺ ፍርሃት ልጀምር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከአርክቴክት አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ንድፍ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ የሚመስለው ሰው ሕንፃው ሲጠናቀቅ ሄዶ ይየው። መስኮቱ ከተሣለው ጠቧል፣ የኮሪደሩ ኮርኒስ በቧንቧ ምክንያት ወርዷል፣ የተመረጠው ሴራሚክ «ገበያ ላይ የለም» ተብሎ በሌላ ተተክቷል። ይህን የወሰነው የገንዘቡንና የጊዜውን ሠንጠረዥ ፊቱ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ነው። አርክቴክቱ እዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ ቢሮው ሆኖ ሌላ ሕንፃ እየነደፈ ነበር።

ፕሮግራም ደግሞ ከአንድ ሕንፃ ይሰፋል። ጤና ጣቢያው ተሠርቶ ቢያልቅም ትራንስፎርመሩ ካልተተከለ፣ ውሃው ካልገባ፣ አልጋው ካልተገዛ እናት እዚያ አትወልድም። ፕሮጀክት ማናጀሩ ሕንፃውን አስረክቦ ይሄዳል፤ የፕሮግራም ማናጀሩ የሚጠየቀው ወላዷ ገብታ መገላገሏን ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሐይቁ ዳር ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል፤ መሠረቱ ከሰኔ በፊት ካልወጣ ሥራው እስከ መስከረም ተቀጠረ ማለት ነው። ደቅ ደሴት ላይ የሚገነባ ነገር ካለ ሲሚንቶው በጀልባ ይሻገራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የትኛው ሳይት ባለው ዕቃ ምን እየሠራ እንደሚቆይ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ያስፈልጋል። ቦታን፣ ዕቃንና ሰውን ባንድ ላይ ማየት የአርክቴክት ትምህርት ነው።

ስለዚህ አርክቴክትነትሽ አያበቃም። ቢሆንም ግቢ አልልሽም፤ ገና ነሽ።

የላክሽልኝን የሥራ ዝርዝር አይቼዋለሁ፤ ከየሳይቱ ሳምንታዊ ሪፖርት መሰብሰብ፣ ፕሪማቬራ በሚባለው የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር ላይ ማስገባት፣ ወርኃዊ ማጠቃለያ ማዘጋጀት። አንቺ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሕንፃ እስከ ርክክብ ተከትለሽ አታውቂም። ሪፖርቱ «85 በመቶ ተጠናቋል» ሲልሽ ምን ልትዪ ነው? የተከፈለው ገንዘብ ነው 85 ወይስ የተሠራው ሥራ? ገንዘቡ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያው ተደምሮበታል? በመንግሥት ግዥ ቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ አንድ ብሎኬት ሳይደረደር ሊወጣ የሚችል ብር ነው። የተሠራው ሥራ ነው ቢሉሽም፣ አርማታና ፌሮ ብዙ ብር ስለሚበሉ ስትራክቸሩ ሲቆም ቁጥሩ ይዘላል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ፣ ሳኒተሪው፣ አልሙኒየሙ፣ ቀለሙ፣ የበር ቁልፉ ይመጣል። የቀረችው 15 በመቶ አንዳንዴ ከ85ቱ የበለጠ ጊዜ ትፈጃለች። ከውጭ የሚገባው ዕቃም የሚበዛው እዚህችው ውስጥ ነው። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህማ፣ የሚገጠመው ዕቃ ናሙና በአርክቴክቱ ሳይጸድቅ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር በብር የሚቆጠር ሆኗል፤ ተቋራጩም ያንኑ መዘግየት ይዞ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቅበታል። ናሙናውን ያዘገየው ብዙ ጊዜ ማን ይመስልሻል? አርክቴክቱ ነው።

ይህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምትማሪው አይደለም። እኔ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጸድቅበትን ሰነድ፣ መመርመር የለመድኩት ሳይት ላይ፣ ከተቋራጩ ሰው ጋር ሜትር ይዤ ግድግዳ እየለካሁ ነው። በሌላ መንገድ መጥተው የተዋጣላቸው አሉ፤ እኔ ግን አንድ ሕንፃ ያላስረከበ ሰው የሌሎችን ሪፖርት ሲያጸድቅ ማየት አይዋጥልኝም።

ቢሮሽ የሚቆጣጠረው ጂ ፕላስ 4 ፊኒሺንግ ላይ ነው ብለሻል። ሥራ አስኪያጁን ነገ አነጋግሪያቸው፤ እስከ ጊዜያዊ ርክክብ ድረስ እዚያ ይመድቡሽ። የጉድለት ዝርዝሩን አንቺ ጻፊ፣ የክፍያ ጥያቄውን አንቺ መርምሪ፣ አዝ ቢልት ድሮይንጉን (ሕንፃው በተጨባጭ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን ሥዕል) ከተሠራው ጋር አንቺ አመሳክሪ። ለፕሮግራሙ ቢሮ ደግሞ መግቢያሽ እንዲገፋልሽ በደብዳቤ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ግቢ፤ ሆኖም በሳምንት ሁለት ቀን ሳይት እንደምትውዪ፣ የንድፍ ለውጥ ጥያቄዎችም በአንቺ በኩል እንደሚያልፉ ውሉ ላይ ይጻፍልሽ። በቃል የሚነግሩሽን አትመኚ።

ስለ አባትሽ። የጀመሩት ቤት ጣሪያ እንዳልለበሰና የአንቺን ደመወዝ እንደሚጠብቁ ጽፈሻል። አስተምረውሻል፤ ልታግዣቸው ይገባል። ግን ቤቱ የእሳቸው ፕሮጀክት ነው፤ በጀቱ ያንቺ ሙያ ሊሆን አይችልም። የኮንትራት ደመወዝ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ በእሱ ተማምነው ዕዳ ከገቡ ዕዳው የሚተርፈው ለአንቺ ነው። በወር ስንት እንደምትሰጪ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ ይከፋቸዋል፣ ይለፋልም።

ለአጎትሽ፦ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ በንድፍ ብቻ አይቆምም፤ ሪፖርት ሰብሳቢም ነበረው በያቸው።

ፒኤምፒ የተባለውን የፕሮጀክት አመራር የምስክር ወረቀት ልውሰድ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። የአራት ዓመትና ከዚያ በላይ ዲግሪ ያለው ሰው ለፈተናው ለመቀመጥ 36 ወር ፕሮጀክት የመራ መሆን አለበት፤ 35 ሰዓት ሥልጠናም ይጠየቃል። ንድፍ መሥራት መምራት አይደለም። አዲስ አበባ ሄዶ ማስተርስ መማሩም ይቆይ። «ሴት በመሆኔ ሳይት ላይ ይሰሙኛል ወይ?» ብለሻል። ፎርማኑ መጀመሪያ አይሰማሽም፤ ያልተስተካከለ ግድግዳ በውሃ ልክ አሳይተሽ አንዴ ካስፈረስሽው በኋላ ይሰማሻል።

ፕሪማቬራውን ግን አሁኑኑ ጀምሪ። የጂ ፕላስ 4ቱን ቀሪ ሥራ አስገቢና ተቋራጩ ካቀረበው መርሐ ግብር ጋር አስተያዪው፤ የትኛው ሥራ ላይ እንደምትለያዩ ጻፊልኝ።