«ልጄ ባለጌ ሆኖ ነው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ። ጉዳዩ ይለያያል፣ ሳነባችሁ ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር የምትጠይቁ መሰለኝ። ይሄ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ባለጌ ነው? ሰነፍ ነው? ውሸታም ነው? እኔ ጥያቄውን ትንሽ ላዙረው። ያንን ከማድረጉ በፊት ምን ነበር? ካደረገው በኋላስ ምን ተከተለ? የሳይኮሎጂ ጀማሪ ከሚማረው ሁሉ ለኑሮ አብልጦ የሚጠቅመው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሱቅ በር ላይ ያዋርደኛል

«የአምስት ዓመት ልጅ አለኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብሎካችን ሥር ያለው ሱቅ ጋ ስንደርስ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። አብዛኛውን ጊዜ እምቢ እላለሁ። ሰው ሲያየኝ ግን አፍርና እገዛለታለሁ። አባቱ ‹አቅብጠሽው ነው፣ አንድ ቀን በደንብ ቢገረፍ ይተዋል› ይላል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው እህቴ ደግሞ ‹ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ሞክሪ› አለችኝ። እሱም ቅጣት ማለት መሰለኝ። ልጄ ባለጌ ሆኖ ነው?» ግራ የገባት እናት፣ ኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ ልጅሽ ምን ሲያደርግ ምን እንደሚያገኝ በደንብ የተማረ ልጅ ነው። ባለጌ አትበይው።

ይሄን ዓይነቱን ትምህርት በሰፊው ያጠናው አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነው። ከሱ በፊት ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል ተመራማሪ ድመቶችን ሣጥን ውስጥ እየዘጋ እንዴት እንደሚወጡ ይከታተል ነበር፤ ሥራውን ያሳተመው በ1898 ነው። ድመቷ መጀመሪያ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ያገኘችውን ትገፋለች። በአጋጣሚ መክፈቻውን ስትነካ በሩ ይከፈትና ውጭ ያለውን ምግብ ትበላለች። ደጋግሞ ሲዘጋባት መቧጨሩ እየቀረ መክፈቻውን ቶሎ ትነካለች። ጥሩ ውጤት ያስገኘ ድርጊት ይደገማል ማለት ነው። ስኪነር ይሄን ይዞ በአይጥና በእርግብ ብዙ ሠራ፤ ድርጊቱ እንዲደገም የሚያደርገውን ውጤት ነው ሪኢንፎርስመንት ወይም ማጠናከሪያ የምንለው።

አሁን ወደ እህትሽ ምክር። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት አይደለም። ብዙ ተማሪም ፈተና ላይ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ማጠናከሪያ ሁልጊዜ ድርጊትን ያበዛል፣ ቅጣት ድርጊትን ይቀንሳል። ፖዘቲቭ ሲባል አንድ ነገር ተጨመረ፣ ኔጌቲቭ ሲባል አንድ ነገር ተነሳ ማለት ብቻ ነው፤ ጥሩና መጥፎ የሚል ነገር ውስጡ የለም። ልጅሽ ሲንከባለል ከረሜላ ተጨመረለት፣ ስለዚህ መንከባለሉ በዛ። ይሄ ፖዘቲቭ ነው። አንቺስ? ከረሜላውን ስትገዢ ጩኸቱ ቆመልሽ፣ የሰውም ዓይን ተነሳልሽ። ያስጨነቀሽ ነገር ስለተነሳ በሚቀጥለው ጊዜም ትገዣለሽ። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት በትክክል ይሄ ነው። ሳታውቁት አንዳችሁ ሌላችሁን እያስተማራችሁ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግርሽ ግን ሌላ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ እምቢ እላለሁ» ብለሻል። ጥሩ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዴ ብቻ የሚገኝ ሽልማት፣ ሁልጊዜ ከሚገኝ ሽልማት ይልቅ ድርጊቱን ግትር ያደርገዋል። ሁሌ የለመደ ልጅ ሲቀርበት ቶሎ ይገባዋል። አንዳንዴ የሚያገኝ ልጅ ግን «ምናልባት ዛሬ፣ ምናልባት ትንሽ ብጨምር» እያለ ይቀጥላል። ቤቲንግ ቤት የሚመላለሱ የሰፈራችንን ወጣቶች አንቆ የያዛቸውም ይሄው ነው። መቼ እንደሚበላ የማይታወቅ ነገር ለመተው ይከብዳል።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? እምቢ ካልሽ እስከ መጨረሻው እምቢ በይ፣ ሰው ቢያይም ባያይም። አስቀድሜ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ይብሳል። የለመደው ነገር ሲቋረጥበት ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ይጨምራል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ወላጅ እጅ የሚሰጠው ያኔ ነው፤ ልጁም «በጣም ስጮህ ይሰጡኛል» የሚለውን ይይዛል። በሰላም ያለፈበትን ቀን ደግሞ ዝም ብለሽ አትለፊው። አመስግኚው፣ እቀፊው፣ ቤት ስትገቡ የሚወደውን አድርጊለት። ከረሜላም መግዛት ካማረሽ አንቺ በመረጥሽው ቀን፣ ሳይጠይቅሽ ግዢለት። ከድርጊቱ በፊት ያለውንም እዪ፦ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ርቦት አይደለም ወይ? ቦርሳሽ ውስጥ ዳቦ ወይም ቆሎ ብትይዢ፣ መንገድም ካለ በሱቁ በር ባታልፉ፣ ግማሹ ጸብ ሳይጀመር ሊቀር ይችላል።

ለአባቱም መልእክት አለኝ። ዱላ ለጊዜው ዝም ያሰኛል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያስተምረውም። ከዱላው የሚማረው ሌላ ነገር ነው። አልበርት ባንዱራ በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ትልቅ ሰው አንድን ትልቅ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ እንደዛው ደበደቡት፣ የሰውየውን ንግግር ሳይቀር እየደገሙ። ፍርሃትም የራሱ መንገድ አለው። የሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ምግቡ ሳይመጣ ምግብን የሚያስታውቃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው ይወርድ ነበር። የሚገረፍ ልጅም እንዲሁ ዱላው ሳይነሳ የአባቱን ኮቴ ሲሰማ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይሄ ለአባት ትልቅ ኪሳራ ነው።

የአማኑኤል ነገር ነው አሉኝ

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ መርጣለች። ዘመድ አዝማዱ ‹የአማኑኤል ነገር ልትማር ነው› እያለ አስጨነቀን። እውነት ነው?» ወላጅ፣ ሰንዳፋ መንገድ

በመጀመሪያ አማኑኤል ሆስፒታል የታመመ ሰው የሚታከምበት ቦታ ነው፣ እዛ መሥራት የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሳይኪያትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም ላይ የተካነ ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂ የሰውን አስተሳሰብና ባህርይ የሚያጠና ትምህርት ነው፤ ዊልሄልም ቩንት በ1879 ጀርመን ላይፕሲግ ላብራቶሪ ከከፈተ ወዲህ ራሱን ችሎ ቆሟል። ልጅዎ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ የምክር አገልግሎት ወይም ምርምር ውስጥ ልትሠራ ትችላለች። ያበረታቷት።

አነባለሁ፣ ይጠፋል

«ፍሬሽማን ነኝ። ከቤተሰቤ ጋር ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ቀኔ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። የጄኔራል ሳይኮሎጂ ሞጁሉን ደጋግሜ አነበብኩት፣ በቀለም አሰመርኩበት፣ ስዘጋው ባዶ ነው። ጭንቅላቴ አይቀበልም ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ ጭንቅላትህን ተወው፣ ደህና ነው። የአጠናን መንገድህን እንይ።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር የፊደል ጥምሮች ለራሱ እያስጠና፣ ስንት ሰዓትና ስንት ቀን ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ መዘገበ። በ1885 ያሳተመው ውጤት፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጣን እንደሆነና ከዛ በኋላ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ያሳያል። ዛሬ ያነበብከው ነገ ግማሹ ቢጠፋ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ሰው እንዲህ ነው የተሠራው። መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፦ በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ ከማንበብ፣ ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያና በሳምንቱ መመለስ ይሻላል።

ስትመለስ ደግሞ ማንበብ ብቻ አይበቃም። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ቡድን ደግሞ አነበበ፣ ሌላው ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ የሚጎዳህ ለዚህ ነው፤ ዓይንህ ገጹን ስለለመደው ያወቅከው ይመስልሃል፣ ፈተናው ላይ ግን ገጹ የለም።

ስለዚህ ያ የምታማርርበት መንገድ ይጠቅምሃል። ጠዋት አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ስትቆም ሞጁሉን አትክፈተው። ትናንት ያጠናኸውን ለራስህ አውራው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው የፒያዤ አራት የዕድገት ደረጃዎች ምን ነበሩ? ሴንሰሪሞተር፣ ፕሪኦፕሬሽናል፣ ኮንክሪት ኦፕሬሽናል፣ ፎርማል ኦፕሬሽናል። አንዱ ከጠፋህ ትንሽ ታገል፣ ከዛ ብቻ ገልጠህ እይ። ቤትም ትንሽ እህት ካለችህ ሞክርባት። ሁለት እኩል ሰፊ ብርጭቆ ላይ እኩል ውሃ አድርግ፣ እያየች የአንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገልብጥና የቱ ይበልጣል በላት። አራትና አምስት ዓመት ከሆናት ረጅሙ ነው ልትልህ ትችላለች። አንዴ በዓይንህ ካየኸው ስለ ኮንሰርቬሽን፣ ማለትም የዕቃው ቅርጽ ቢቀየርም መጠኑ እንደማይቀየር ስለመረዳት፣ የሚነግርህ ገጽ አይጠፋህም። የሚበዛ ዝርዝርንም ሰብሰብ አድርገው፤ ስልክ ቁጥርን 09 11 እያልን በጥንድ በጥንድ የምንይዘው፣ ጆርጅ ሚለር በ1956 እንደጻፈው፣ ለጊዜው በአእምሯችን የምንይዘው ሰባት ነገር ገደማ ስለሆነ ነው።

ጎረቤቴ ሰላም አይልም

«ከአራት ኪሎ ተነስተን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ቆየን። እዛ ቡና ሲፈላ ይጠራራ ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ወጣት ሰላም እንኳ ሳይል እየሮጠ ያልፈኛል። የዘንድሮ ሰው ልቡ ደርቋል ልበል?» ጡረተኛ አባት

አባቴ፣ ቅሬታዎ ገብቶኛል። አራት ኪሎን ያህል ሰፈር ለቆ መምጣት ቀላል አይደለም። ግን ያ ልጅ ላይ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ይስሙኝ።

ሰው ሲያጠፋብን ጠባዩን እንወቅሳለን፣ እኛ ስናጠፋ ግን ሁኔታውን እናስረዳለን። ጆንስና ሃሪስ በ1967 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፈ ጽሑፍ አነበቡ። ጸሐፊው ወገኑን ራሱ እንዳልመረጠ፣ ደግፈህ ጻፍ ተብሎ እንደታዘዘ እየተነገራቸው እንኳ «በልቡም ይደግፈዋል» ብለው ፈረዱ። ይሄን ዝንባሌ ሊ ሮስ በ1977 መሠረታዊ የፍረጃ ስህተት ብሎ ሰየመው። ያ ወጣት ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ፣ ሰልፍ ተሰልፎ መሀል ከተማ ገብቶ፣ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ቢሆንስ? ደረጃው ላይ የሚያገኙት ሥራ እንዳይረፍድበት ሲሮጥ ነው።

ሌላው ነገር ሕንፃው ራሱ ነው። ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ተቋም የተማሪ ቤተሰቦች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ አጠኑ። ነዋሪዎቹ እንደኛ የዕጣ ቤት ጎረቤታቸውን አልመረጡም። በአንድ ፎቅ በር ለበር ከሚጎራበቱት 41 በመቶው በወዳጅነት ተጠሩ፣ በኮሪደሩ ዳርና ዳር ካሉት ግን 10 በመቶ ብቻ። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው! ደረጃ ሥር የሚኖሩት ደግሞ ከላይኛው ፎቅም ወዳጅ አፈሩ፣ ሰው ሁሉ በነሱ በር ስለሚያልፍ። ፍቅር በመተያየት ብዛት ይሠራል ማለት ነው። አራት ኪሎ ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ ነበር፤ ሳይፈልጉም ይገናኙ ነበር።

እንግዲህ መገናኛውን እርስዎ ይፍጠሩት። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ወንበር ይዘው ይቀመጡ። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቤት ባለበት ሰዓት፣ ኮሚናሉ ላይ ወይም በርዎ ላይ ቡና ይፈላ። ለልጁም ቀድመው «እንደምን ዋልክ ልጄ» ይበሉት። የብሎካችሁ ዕድር ካለም የቤት ለቤት መልእክት ለወጣቶች ይሰጥ፣ በሩን የሚያንኳኳ ምክንያት ያገኛሉ።

ማነው የዋሸው?

«ጀሞ መንገድ ላይ ሲኖትራክና ሚኒባስ ሲጋጩ ከጓደኛዬ ጋር ቆመን ነበር። እሱ በኋላ ሲያወራ ‹እየበረረ መጥቶ ደረመሰው፣ መስታወቱ ረገፈ› ይላል። እኔ መስታወት አላየሁም። ውሸታም አልኩት፣ ተኮራረፍን።»

ሁለታችሁም ያያችሁትን እየተናገራችሁ ሊሆን ይችላል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩና ፍጥነቱን ጠየቁ። መኪኖቹ «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ገመቱ፣ «ሲደረማመሱ» የተባሉት 66 ገደማ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲደረማመሱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፣ «ሲመታቱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 7ቱ።

ትዝታ በተወራ ቁጥር አዲስ ነገር ይቀላቀልበታል። ጓደኛህ ያን ቀን ስንት ሰው አውርቶት፣ ስንቱ «ደረመሰው» ብሎ ጠይቆት ይሆን? አንተም ብትሆን በምን ቃል ሲወራ እንደሰማህ አታውቅም። ደውልለትና ታረቁ። ለትራፊክ ፖሊስ ቃል የምትሰጡ ከሆነ ግን ከዚህ በኋላ ስለ ግጭቱ አታውሩ፤ ለየብቻ ተቀምጣችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትንም እርግጠኛ አይደለሁም ብላችሁ ጻፉት።