መልስ፦ በቀብሬ ቀን ዘፈን ይከፈትልኝ ማለት ነውር ነው?

ወንድሜ፣ "በቀብሬ ቀን የምወደው ትዝታ ይከፈትልኝ ብዬ ብናዘዝ ነውር ነው?" ብለሃል። መናዘዙ ነውር የለውም። የት እንደሚከፈት ግን አስብበት።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ከቤት እስከ መቃብር ያለው መንገድ የቄሶቹ ነው። ፍትሐቱ በመጽሐፈ ግንዘት የተወሰነ ነው፤ አስከሬኑ በየምዕራፉ እያረፈ 7 ጊዜ ይጸለይለታል። እዚያ መሃል ስፒከር ላስገባ ካልክ ከቄሱ በፊት የእድሩ ዳኛ ያስቆምሃል። (አንተማ አትሰማም፤ ወቀሳው ለልጆችህ ነው የሚተርፈው።)

የለቅሶው ቤት ግን ሌላ ነው። ድሮም ሙሾው የሟቹ ታሪክ ነበር። አልቃሿ ሙያውንና ደግነቱን እያነሳች ታወርዳለች። ጀግና ከሆነ ፉከራና ቀረርቶም አለ። ስለዚህ ትዝታህን ለሰልስት ማታ አድርገው፣ ድንኳኑ ጋብ ሲል። ወይም በገና የሚደረድር ሰው ይጠራልህ። የ10ሩ አውታር ድምፅ ለሐዘን ቤት የተሠራ ይመስላል፤ ቄሱንም አይከፋቸውም። እኔ ለራሴ የመረጥኩት እሱን ነው።

ብቻ ለሚስትህ ወይም ለታላቅ ልጅህ ዛሬውኑ ንገር። ስልክህ ላይ ጽፈህ ከተውከው፣ የስልክህን መክፈቻ ማን ያውቀዋል?