መልስ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ካናዳ መግባት

«ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቼን ልጠይቅ በአሜሪካ ፓስፖርት ስሄድ፣ በትራምፕ የተነሣ በክፉ ዓይን ያዩኝ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦

ቅሬታው በእርግጥ አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ በካናዳ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ሲጥሉና አገሪቱን «51ኛዋ ግዛት» እያሉ ሲጠሩ፣ በሆኪ ጨዋታዎች ላይ የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር ተመልካቹ በጩኸት ተቃውሟል፤ ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት የመጠጥ መደብሮችም የአሜሪካን ውስኪና ወይን ከመደርደሪያ አውርደዋል። ልብ ካሉት ግን ቁጣው በአመዛኙ ያረፈው በመዝሙርና በጠርሙስ ላይ እንጂ ዘመድ ሊጠይቅ በመጣ እንግዳ ላይ አይደለም።

ደግሞስ ትራምፕን ማን መረጣቸው? በ2024 ያሸነፉት ከተሰጠው ድምፅ ግማሽ በማይሞላ ድርሻ ሲሆን፣ በ2016ማ ዋይት ሀውስ የገቡት ከሂላሪ ክሊንተን በ3 ሚሊዮን ገደማ ያነሰ ድምፅ አግኝተው ነው። ስለዚህ አንዱን አሜሪካዊ ይዞ «የእናንተ ሰውዬ» ማለት በግምት መፍረድ ነው (እኛም ስለ ሌላው አገር ሕዝብ ስናወራ ከዚህ አንጸዳም)።

ጥያቄው ቢነሣብዎት ማንን እንደመረጡ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። የድንበር ሠራተኛው የሚጠይቅዎት የት እንደሚያርፉና ስንት ቀን እንደሚቆዩ ስለሆነ፣ የዘመዶችዎን አድራሻ በእጅዎ ይያዙ።