ቃሉን ሁሉ እያወቁ ምንባቡ ለማይገባቸው የቻይና ተማሪዎች

ወንድሜ፣ «በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ስጠይቃቸው ያውቃሉ፣ ምንባቡን ግን አይረዱትም፤ ምን ይሻላል?» ያልከውን አነበብኩት። እዚያው ግዛት ውስጥ በአንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ያንኑ ክፍል አስተምሬያለሁና የምትለው ሁሉ ይገባኛል። ሃምሳ ልጅ የታጨቀበት ክፍል፣ እስከ ማታ የሚዘልቅ ጥናት፣ በየጠረጴዛው ላይ የተቆለለ የመለማመጃ ፈተና፤ ያንተም ከዚህ አይለይም። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «ቃላት አብዝተህ አስጠናቸው» ብለዋል። እባክህ አትስማቸው። ቃላትማ ከማንም በላይ ይሸመድዳሉ፤ መጽሐፋቸው በፊደል ተራ ስለሆነ በ«ኤ» የሚጀምሩትን እንቅልፍ ላይ ሆነው ቢጠየቁ ይመልሳሉ፣ «ቲ» ላይ ሲደርሱ ግን ይዝላሉ።

1. መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ፍታላቸው። በዚህ ጉዳይ አማርኛ ተናጋሪ መሆንህ ከለንደን ወይም ከቴክሳስ ከመጣው ባልደረባህ ይልቅ ይጠቅምሃል። ይህን ተመልከት፦ «ሽማግሌው የመጀመሪያዋን አሮጌ ብስክሌት እየጎተተ ሲመጣ የሳቁበት ጎረቤቶች አሁን ደጁ ላይ ተሰልፈዋል።» በእኛ ቋንቋ ገላጩ በሙሉ ይቀድማል፣ ጎረቤቶቹ ይከተላሉ። ቻይንኛም እንዲሁ ነው፤ የቱንም ያህል ቢረዝም ገላጩ ከስሙ በፊት ይገባል። እንግሊዝኛ ግን ጎረቤቶቹን ከፊት ያቆምና «ሁ» (who) ብሎ ጅራታቸውን ከኋላ ይጎትታል፤ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው ጅራቱ ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ። በቀጭን እርሳስ ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ራስጌ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ የቻይንኛ ፊደላት ይጽፋል፤ ገጹ ሲያልቅ ነጭ ቦታ አይተርፈውም። ይህንኑ የብስክሌት ምንባብ ጨርሶ ቀና ሲል «ጎረቤቶቹ አሁን ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት። «እየሳቁ ነው» አለኝ። አንድም ቃል አልሳተም እኮ! መጀመሪያ ያገኘውን ግስ ማሰሪያ አድርጎ ወሰደው፣ አለቀ።

ስለዚህ ክፍለ ጊዜውን በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጀምር። ባለቤቱን ያስምሩበት፣ ጅራቱን በቅንፍ ይዝጉት፣ ማሰሪያ አንቀጹን ይክበቡት። ተርጉሙልኝ አትበል፤ «ማን ምን አደረገ?» ብቻ በላቸው። «ኦልዞው» (although) የሚለውንም ለብቻው አሠራቸው። ቻይንኛ «ምንም እንኳ» ብሎ ከጀመረ ሁለተኛው ሐረግ ላይ «ግን»ን ይጨምራል፤ ልጆቹ ያንን «ግን» ሲጠብቁ እንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝ ብቻ ጥሎ ያልፋቸዋል። ጸሐፊው ሐሳቡን የገለበጠበትን ቦታ ሳያዩት ይቀራሉ፣ ከዚያ «የጸሐፊው አቋም ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይስታሉ።

2. ጋዎካዎን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ብሔራዊ ፈተና አትናቀው። እኔ ስደርስ የነበሩት የውጭ መምህራን «ፈተና ትምህርት አይደለም» እያሉ ይፈላሰፉ ነበር፤ ልጆቹም እነሱ ሲገቡ የሒሳብ የቤት ሥራቸውን ያወጡ ነበር። በብሔራዊው የእንግሊዝኛ ፈተና ከ150 ነጥብ ውስጥ 50ው የንባብ ነው። ከእሱ ውስጥ 12.5 ነጥብ የያዘው ክፍል አምስት ዓረፍተ ነገር የጎደለው ምንባብና ሰባት አማራጭ ይሰጣል፤ ሁለቱ ትርፍ ናቸው። ይህ ክፍል ለአንተ ወርቅ ነው። ማንኛውንም ቀላል ጽሑፍ ወስደህ በመቀስ ቆራርጠው፣ ለአራት ለአራት አከፋፍልና መልሰው ይግጠሙት። «ይህ ልማድ» ሲል የትኛው ልማድ? «በተቃራኒው» ሲል የምን ተቃራኒ? በቻይንኛም ይከራከሩ፣ ግድ የለህም። የለመዱት ጥያቄውን አስቀድሞ አንብቦ፣ ከውስጡ አንድ ቃል መዞ፣ ያንኑ ቃል ምንባቡ ውስጥ ማደን ነው። ማስታወቂያና የጊዜ ሰሌዳ በሚቀርብበት በመጀመሪያው ምንባብ ያዋጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲመጣ ጉድ ይፈላል።

3. በልካቸው የሆነ መጽሐፍ ስጣቸው። ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት እንደሚለው፣ አንድ ሰው ያለ እርዳታ ልብ ወለድ አንብቦ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት። 300 ቃል ባለው ምንባብ ላይ ስታሰላው የማይታወቀው 6 ቃል ብቻ ነው ማለት ነው። የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ከ9ኛ ክፍል ለሚጨርስ ልጅ ወደ 1600፣ ጋዎካዎ ለሚቀመጥ ደግሞ ወደ 3000 ቃል ይጠብቃል። 10ኛ ክፍል በገባ በማግስቱ የጋዎካዎ ምንባብ የሚሰጠው ልጅ ከመገመት በቀር ምን ያድርግ?

እኔም በደረጃ ተመጥነው የተጻፉ ቀጫጭን የታሪክ መጻሕፍት ከኪሴ ገዝቼ መደርደሪያ ሞላሁ። ዝም ብዬ አላደረግሁትም፤ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የትምህርት ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁ። ኃላፊው «ችግር የለም» አለኝ። ልጆቹ መጻሕፍቱን ወደ ማታው ጥናት ይዘው መሄድ ጀመሩ፤ አንዷማ ከፊዚክስ ደብተሯ ሥር ደብቃ ስታነብ ተይዛ ተቀጣች (እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ደስ ብሎኛል)። ከዚያ አንድ ሰኞ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት አልቆ ክፍል ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ደረጃ ሥር ተወርውረዋል።

ቢሮው ሄድኩ። ሰውየው ዓይኑን ከሻይ ቴርሞሱ ሳያነሳ «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። የፈቀደው ራሱ ነው! ይህንኑ ስነግረው ከካርቶኑ አንድ መጽሐፍ በሁለት ጣቱ አነሳ፣ ሥዕሉን አየ፣ «ይህ የሕፃን መጽሐፍ ነው፤ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብሎ መልሶ ጣለው። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። በኋላ አንዲት ባልደረባዬ እንዳስረዳችኝ፣ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ትምህርት ቤት የሚገቡ ተጨማሪ የንባብ መጻሕፍት አስቀድመው እንዲገመገሙ የሚያዝ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ደንብ ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን የሚያስፈጽመው ሰው ስጠይቀው ያልነገረኝን፣ ሃምሳ ልጅ ፊት ማዋረጃ አደረገው።

አንተ ግን ማንም «ችግር የለም» ቢልህ አትመን፤ ቀይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳትይዝ አንዲት መጽሐፍ እንዳታስገባ። የእያንዳንዱን ርዕስ፣ አሳታሚ፣ የገጽ ብዛትና ስለ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር በቻይንኛ አዘጋጅ። እኔ በኋላ ያስገባሁትን ማመልከቻ «የጋዎካዎ ንባብ ማጠናከሪያ» አልኩት፣ የ50 ነጥቡን ስሌት ከላይ አስቀመጥኩ፣ ስለ ንባብ ፍቅር አንድ ቃል አልጻፍኩም። ማኅተሙ ወዲያው ተመታ። ወሩ ሳያልቅ ትምህርት ቤቱ በዊቻት (በቻይናዎቹ የመልእክት መተግበሪያ) ገጹ ላይ ፎቶ ለጠፈ፦ መደርደሪያዬ፣ አጠገቡም ያ ሰውዬ በፈገግታ ቆሞ። የእኔ ስም የለበትም። ልጆቹ ግን የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ የጎረቤቱ ክፍል መምህርም የቅንፍና የክበብ መለማመጃዬን ልትቀዳ መጥታለች።

ወላጆችም አይቀሩልህም። አንድ አባት በወላጆች ቡድን ላይ «ልጄ እየተማረ ነው ወይስ ተረት እያነበበ?» ብሎ ጻፈ። «ቅዳሜ ቤት ሲመጣ ከሰሞኑ የፈተና ምንባቦች የመጨረሻውን ስጠውና ፍሬ ነገሩን በቻይንኛ ይንገርህ» አልኩት። ሰኞ ላይ የመጽሐፉን ተከታታይ ከየት እንደሚገዛ ጠየቀኝ። ይህን ዘዴ ለክፍልህም ውሰደው፤ በራሱ ቋንቋ ጠቅልሎ መናገር ያቃተው ልጅ አራቱንም ጥያቄ ቢመልስ እንኳ አልገባውም።

ስለ ቅዳሜና እሁድ ማስጠናት ለጠየቅኸው፦ አትሞክረው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ እስከ 9ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በመደበኛ ትምህርቶች ለትርፍ ማስጠናት በዕረፍት ቀን ተከልክሏል፤ ልጆችህ ከዚያ በላይ ቢሆኑም የሥራ ፈቃድህ ከቀጠረህ ትምህርት ቤት ጋር የታሰረ ነው።

ምናልባት በሚመጣው ዓመት 12ኛ ክፍል ሊሰጡህ ከፈለጉ መደርደሪያውን ለ10ኛ ክፍል ተውላቸው። ፈተናው ጁን 7 ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ለእነዚያ ልጆች ከረጃጅም ዓረፍተ ነገርና ከተቆራረጠ ምንባብ ሌላ ምንም አትጨምርባቸው፣ ቢሮውም ጊዜ አይሰጥህም።