ስለ ሸርሊ ቺዝም የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስሟን ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ናት?
መልስ፦ በ1968 ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ሙያዋ የሕፃናት መምህርነት ነበር።

ጥያቄ፦ ፖለቲካው ውስጥ ማን አስገባት? ዘመድ ነበራት?
መልስ፦ ኧረ የምን ዘመድ! የጀመረችው ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ካለ የሰፈር የፖለቲካ ክበብ ነው። እዚያ የሴቶቹ ድርሻ ቶምቦላ እያዘጋጁ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። እጇ ሙያ ስላለው ባዶ የሲጋራ ሳጥን እያስጌጠች ለቲኬትና ለገንዘብ መያዣ ትሰጥ ነበር። ቆይታ ነገሩ ከነከናት። ገንዘቡን የሚያመጡት ሴቶቹ፣ አዛዦቹ ወንዶቹ። ሴቶቹን አስተባብራ የራሳቸው በጀት እንዲመደብላቸው አስጠየቀች፤ ተመደበላቸውም። ለእኔ ዋናው ታሪኳ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። በ1964 ለኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ተመረጠች።

ጥያቄ፦ ታዋቂውን ጄምስ ፋርመርን እንዴት አሸነፈችው?
መልስ፦ በ1968ቱ የኮንግረስ ምርጫ ተፎካካሪዋ ነበር። እሱ አገር ያወቀው የጥቁሮች መብት ታጋይ ነው፤ ቅስቀሳው ደግሞ "ዋሽንግተን ወንድ ያስፈልገናል" የሚል ቃና ነበረው። እሷ የመራጮችን መዝገብ አይታለች፤ በምርጫ ክልሉ ሴቶቹ ይበልጣሉ። ለፖርቶ ሪኮ ተወላጆች በስፓኒሽ ታወራለች። በቅስቀሳው መሃል እጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶላት ተኛች። ቁስሉ ሳይጠግግ የድምፅ ማጉያ የተገጠመበት መኪና ላይ ወጥታ ሰፈሩን ዞረችው።

ጥያቄ፦ ኮንግረስ ስትገባ ግብርና ኮሚቴ መደቧት የሚባለው እውነት ነው?
መልስ፦ እውነት ነው፤ ያውም የደን ንዑስ ኮሚቴ! ብሩክሊን ውስጥ የምን ደን አለ? ያኔ አዲስ የገባ እንደራሴ ዝም ነው የሚለው፤ እሷ ግን ተቃወመች። ወደ ቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ አዛወሯት።

ጥያቄ፦ ዘረኛውን ጆርጅ ዋላስን ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀችው አሉ። ምን ነክቷት ነው?
መልስ፦ ዋላስ የደቡቧ የአላባማ ግዛት ገዥ ነበር። በ1972 ሁለቱም ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ይወዳደሩ ነበር፤ እሱ በጥይት ተመታ። ሄደች። ደጋፊዎቿ በጣም ተቆጡ። የታመመ መጠየቅ ለእኛ ወግ ስለሆነ እኔ ብዙም አልገረመኝም። በ1974 የቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ እንዲከበር ስትታገል፣ የደቡብ እንደራሴዎችን ድምፅ በማግኘት የረዳት ይኸው ዋላስ ነው። የገዛ እናቷም ቤት ሠራተኛ ነበረች።

ጥያቄ፦ እኔም ሜሪላንድ ለትምህርት ቦርድ ልወዳደር እያሰብኩ ነው። ከምን ልጀምር?
መልስ፦ ፖስተሩ ይቆይሽ እህቴ። መጀመሪያ የሰፈርሽን የመራጮች መዝገብ አገላብጪ።